ያላየኋት ማህተም

ፊደል የቆጠርኩት አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው። ከዚያ በፊት ወረቀት ሲሰጡኝ የማየው ክቧን ሐምራዊ ማህተም ብቻ ነበር፤ ካለች እውነት፣ ከሌለች ውሸት። ማንበብ ስችል እሷን ማየት ተውኩ።

ቢቸና አንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ተሸካሚ ነበርኩ። በአንድ ክረምት ሦስት ሥራ አስኪያጅ ተቀያየረብን። ወንበሩ ሳይሞቅ ይነሳሉ። አንዱ የለጠፈውን ማስታወቂያ ሌላው መጥቶ ይቀደዋል። ጠዋት ጠዋት ተሸካሚው ሁሉ ሰሌዳው ሥር ይሰበሰባል፣ እኔ ጣቴን ከፊደሉ ሥር እየጎተትኩ አነብላቸዋለሁ። ኩራት ኩራት ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

አንድ ሰኞ ሁለት ሠራተኞች ከዕለቱ ጀምሮ ወደ ሞጣ ቅርንጫፍ ተዛውረዋል የሚል ወረቀት ተለጠፈ። የመጀመሪያው ስም ፋብሪካው ከተከፈተ ጀምሮ የነበሩ የአንድ ሽማግሌ ተሸካሚ ነው። ሁለተኛውን ፊደል በፊደል ሳወጣው የራሴ ስም ሆነ።

ሽማግሌው አንገታቸውን አስግገው፣ "ክቧ አለችበት?" አሉኝ።

"አንቱ ደግሞ፣ እኔ ካነበብኩልዎ ክቧ ምን ትሠራልዎታለች?"

ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ወረቀቱን ገንጥዬ ኪሴ ከተትኩ፤ ሄድን።

ሞጣ ስንደርስ መጋዘኑ ተቆልፏል። ዘበኛው ቅርንጫፉ ከፋሲካ ወዲህ እንደተዘጋ፣ ግን አዲስ ኃላፊ ይመጣል እንደሚባል ነገረን። ለሌለ ሥራ ሰው ይልካሉ ብዬ እንዴት ልመን? የሽማግሌውን በሶ እየተካፈልን እስከ ዓርብ በሩ ላይ ተቀመጥን። ማንም አልመጣም።

ቅዳሜ ቢቸና ስንመለስ ወረቀቱን የፈረመው ሰውዬ ተነስቶ አራተኛው ተቀምጧል። ልጅ እግር ነው። ወረቀቴን አገላብጦ አየና ወደኔ ገፋው።

"ማህተም የለውም። ይሄ ወረቀት አይደለም። አምስት ቀን ያለ ፈቃድ ቀርታችኋል።"

ፈርሞ የለጠፈው የራሳችሁ ሰው ነው አልኩት። ያንን ሰውዬ እንደማያውቀው ነገረኝ።

የስንብት ደብዳቤያችንን እዚያው ሰጠን። ሽማግሌው የሳቸውን ወደ ብርሃን ዘርግተው፣ ገና ያልደረቀችውን ሐምራዊ ክብ በአውራ ጣታቸው ነኩ።

"ይቺስ እውነት ናት" አሉ።

ምን እንደሚል አንብብልኝ አላሉኝም።