እትዬ ከድጃና የሎሚው ትል

እትዬ ከድጃን ያስታወሰኝ የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ነው። በሰው አገር፣ ስቶቭነር ባለው ቤታችን ለልጄ ለመርየም ምሳ ዕቃ ብርቱካን እየላጥኩ ነበር። ባርነሃገው፣ የመርየም መዋዕለ ሕፃናት፣ ልጆቹን ጫካ የሚወስድበት ቀን ነው። ጫካ ስለሚያስፈራኝ በዚህ ቀን ሁልጊዜ ቤት አስቀራት ነበር።

«ማማ፣ ዛሬም ‹አሟታል› ብለሽ ልትደውዪላቸው ነው?» አለችኝ።

ጣቴን አሸተትኩ።

እትዬ ከድጃ ወሎ ሳለን ጎረቤታችን ነበሩ። ደኑ ጫፍ ላይ የሎሚ ችግኝ እያፈሉ ይሸጡ ነበር። አንድ ልጃቸው ሐሰን እዚያው ደን ውስጥ ከዛፍ ወድቆ ሞቷል። ከዚያ ወዲህ እናቴም ሆነች ሌሎቹ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ደኑ አያስጠጉም። እሳቸው ግን ይገቡ ነበር። ችግኙን የሚበላውን ትል ሌላው ሰው ሲጨፈልቀው፣ እሳቸው ከነቅጠሉ ቀንጥሰው በዛገ የወተት ጣሳ ይይዙና ደኑ ውስጥ ሐሰን ወደተከለው የሎሚ ዛፍ ይወስዱታል።

አንድ ጠዋት እናቴን «ይህችን ልጅ ልውሰዳት» አሏት።

«ኧረ እትዬ፣ እርስዎ ያን ሁሉ አይተው...» አለች እናቴ። አልጨረሰችውም።

«አይቼ ነው። ደኑን ሳታውቀው እንዳታድግ ነው የምፈራው።»

ጣሳው ውስጥ ትንንሾቹ ትሎች የወፍ ኩስ ይመስሉ ነበር። ወፍ እንዳይለቅማቸው ነው አሉኝ። ያደጉት እንደ ቅጠሉ አረንጓዴ ነበሩ። አንዱን በጣታቸው ነካ ሲያደርጉት ከራሱ ኋላ ቀይ ቀንድ አወጣ፤ የበሰበሰ ብርቱካን የመሰለ ሽታም አፍንጫዬን መታኝ። ወደ ኋላ ሸሸሁ።

«ፈርቶ ነው» አሉ። «እሱ ያለው ይቺው ሽታ ናት። አንቺ እግር አለሽ።»

ሌላ ቀን ደግሞ ወገቡን በቀጭን ክር ከቅርንጫፍ አስሮ ደረቅ ቅጠል የመሰለውን ትል አሳዩኝ። ከጎኑ አንድ ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ ከእንዲሁ ዓይነት ሽፋን ገና ወጥቶ ክንፉን ያደርቅ ነበር። ተነስቶ በዛፎቹ መካከል ሲበር እስኪጠፋቸው ድረስ ቆመው አዩት። ከዚያ ባዶ ጣሳቸውን አንስተው «እንሂድ» አሉኝ።

ማረፋቸውን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እዚህ ከተማው መሃል ቢየርቪካ ቢሮ ሳጸዳ በስልክ ነው። ፎቶአቸው እንኳ የለኝም።

ያን ጠዋት አልደወልኩም፤ ለመርየም ቦት ጫማዋን አጠለቅኩላት። ባርነሃገው በር ላይ ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተሰልፈዋል።

«ዛፍ ላይ...» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። «ያየሽውን ማታ ትነግሪኛለሽ።»

«እሺ። እጄን ልቀቂኝ እንጂ።»

ለቀቅኳት። ቀይ ኮፍያዋ በዛፎቹ መካከል እስኪጠፋኝ ድረስ ቆሜ አየሁ። ከዚያ እጄን ኪሴ ከትቼ ወደ ባቡሩ ሄድኩ። ጣቴ አሁንም ብርቱካን ብርቱካን ይል ነበር።