የሐያት ገድ

ዘንድሮ አንደኛ ዓመት ሆኜ በገባሁበት ዩኒቨርሲቲ፣ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ሃርድ ዲስክ በድንገት ሲቋረጥ የሚሰማው ያ «ዲንግ ዶንግ» የሚል ድምፅ ጆሮዬ በገባ ቁጥር፣ መካነ ሰላም ከተማ ያለው የአባቴ ፎቶ ቤት ድቅን ይልብኛል፤ ከእሱም ጋር ታናሽ እህቴ ሐያት፣ በእሷም የነበረኝ ቅናት።

አባቴ ሠርግ እየቀረፀ ቪዲዮውን ያዘጋጅ ነበር። የቀረፀውን ሁሉ የሚያስቀምጠው አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ግን አርጅቶ ስለነበር ዲስኩ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ጥር ገብቶ ሠርጉ ሲበዛ፣ አባቴ ገመዱን እየቀየረ፣ ጫፉን በጨርቅ እየጠረገ፣ ኮምፒውተሩን እያጠፋና እያበራ ይደክም ነበር። ዲስኩን ጎረቤት ወስዶ ሲሞክረው ደህና ይሠራል፤ ቤት መልሶት እኔ «ቢስሚላህ» ብዬ ስሰካው ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። ሐያት ስትሰካው ግን አይጠፋም ነበር። ይህን ያየ ሰው ሁሉ «ይቺ ልጅ ገዷ ጥሩ ነው» ይል ጀመር፤ አባቴም አመነና ከጎኑ ያለችውን በርጩማ ለእሷ ሰጣት። ቪዲዮውን ሲያዘጋጅ «ይህን ጭፈራ እንተወው ወይስ እንቁረጠው?» እያለ የሚያማክረው እዚያች በርጩማ ላይ የተቀመጠውን ሰው ስለነበር፣ እኔ ታላቋ በር ላይ ቆሜ እንገበገብ ነበር።

ክረምት ሆኖ ጉሙ ከተማውን ሲውጠው ሠርግ ስለሚቀር፣ ሁለቱ የበጋውን ቪዲዮ እየቆራረጡ ይውሉ ነበር። እኔ ብቅ ስል ዲስኩ ከጠፋ ሐያት፣ «ገደ ቢስ! ገና እግርሽ ሲገባ አጠፋሽው!» ትለኛለች። አባቴም ይስቅ ነበር። ከስድቡ ይልቅ ሳቁ ያመኝ ነበር።

በቅናት ብዛት እጅ እጇን ሳይ ከረምኩ። አባቴና እኔ የምንሰካው ኮምፒውተሩ ፊት ላይ ባለው ቀዳዳ ነበር። ሐያት ግን ትንሽ ስለነበረች፣ በአባቴ እግር በኩል ማለፉን ትታ በጠረጴዛው ሥር ሾልካ፣ በግድግዳው በኩል ከኮምፒውተሩ ጀርባ ትሰካው ነበር።

በተከታዩ ጥር እትዬ ዘይነባ የሚባሉ የሙሽራ እናት መጡና፣ «ልጄ ነገ በጧቱ መኪና ወደ ባሏ አገር መሄዷ ነው፤ የሠርጓን ቪዲዮ ሳትይዝ ትሂድ?» ብለው በር ላይ ቆሙ። ቪዲዮው ሊገለበጥላቸው ሲጀምር ግን ዲስኩ ይጠፋል። ሐያት ቁርአን ልትቀራ ሄዳ ነበር። አባቴ «ሂጂ ሐያትን ጥሪያት» ሲለኝ እንዳልሰማ ሆኜ በጠረጴዛው ሥር ገባሁ፤ በአቧራው እያስነጠስኩ ከኋላ ሰካሁት። ቪዲዮው ተገልብጦ እስኪያልቅ አልጠፋም። እትዬ ዘይነባ እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁኝ «አሚን» አልኩ፤ ዓይኔ ግን አባቴ ላይ ነበር።

«አባ፣ ገድ አይደለም እኮ፤ ከኋላ ስለሰካሁት ነው።»

«የኋላውም የፊቱም መብራቱ አንድ አይደለም እንዴ? የእህትሽ ገድ ተጋባብሽ በይ!» አለና ሳቀ። ሐያት ስትመለስም በርጩማዋን ጠርጎ አስቀመጣት።

በቅርቡ መምህራችን፣ የኋላው መሰኪያ ማዘርቦርድ ከሚባለው ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ጋር በቀጥታ የተያያዘ መሆኑን፣ የፊቱ ግን በቀጭን ሽቦ ዞሮ ስለሚመጣ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ኃይል ሊያንሰው እንደሚችል ሲያስረዳን፣ ምስክር እንደቆመላት ሰው ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ከክፍል እንደወጣሁ ለአባቴ ደወልኩለት። አዳመጠኝና፣ «ማሻአላህ! እንዲህ ነው እንዴ ነገሩ? በይ ቆይ፣ ለሐያት ንገሪያት፤ እንዲህ ያለውን የምትይዘው እሷ ናት» ብሎ ስልኩን ሰጣት።

አሁን የዶርም ልጆች ሃርድ ዲስካቸው ሲያስቸግራቸው የሚጠሩት እኔን ነው፤ አልጋቸው ላይ ቦታ ለቀው ያስቀምጡኛል፣ ያመሰግኑኛልም። ያኔ የምቀናው በገዷ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ገድ የሚባል ነገር እንዳልነበረ ከነምክንያቱ አውቄም እንኳ፣ ቤት ደውዬ ከአባቴ ድምፅ ጀርባ የእሷን ድምፅ ስሰማ እቀናለሁ።