የዳማ ጠራጊዎች

ሥራ የጀመርኩት ኮተቤ መንገድ ዳር በነበረች የጌጥ ዓሣ መሸጫ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ፍስሐ በመጀመሪያው ቀን እጄን እንድታጠብ አዘዙኝ። ሳሙና ሳነሳ ጮኹብኝ። «ሳሙና ዓሣ ይገድላል! በውኃ ብቻ።» ከዚያ ቀጭን ጎማ ሰጡኝና የገንዳውን ውኃ በአፌ ስቤ ወደ ባልዲ እንዳወርድ አሳዩኝ። የመጀመሪያውን ጉንጭ ዋጥኩት። «በል፣ አሁን ተቀጥረሃል» አሉ።

ሥራው ቤት ለቤት ነው። ገንዳ ማጠብ፣ ማጣሪያ መቀየር፣ የታመመ ዓሣ መለየት። ዕቃዬ ባልዲ፣ ጎማ፣ ረጅም ወረንጦ፣ ብሩሽና ማስታወሻ ደብተር ነበር። ከዓመታት በኋላ ኤሊ የሚያሳድጉ ደንበኞች መጡ። ቀጥሎ ሸረሪት መጣ።

የጣሪያ ጥግ ላይ የምታደራውን ማለቴ አይደለም። ታራንቱላ የምትባለው የሰው መዳፍ ታክላለች፤ ጸጉራም ናት። አፈር በተነጠፈበት የመስታወት ሳጥን ትኖራለች። ፌንጣ ይዛ ውስጡን ትመጥጥና ቅሪቱን ትጥላለች። ቅሪቱ ይሻግታል፤ ሻጋታው ተባይ ያመጣል። በየጊዜው ሳጥኑን ከፍቶ በወረንጦ መልቀም ደግሞ ያስቆጣታል፤ ትነክሳለች።

ስለዚህ ጠራጊ እናስገባለን። የበሰበሰ ግንድ ሲገለበጥ ከሥሩ የሚበታተኑትን፣ ጀርባቸው ተደራራቢ ቅርፊት የሆነውን፣ ብዙ እግር ያላቸውን ግራጫ ፍጥረታት ሁሉም ሰው አይቷቸዋል። እኛ ሱቅ ውስጥ «ጠራጊ» ነው የምንላቸው። ቅሪቱንም ሻጋታውንም ይበላሉ። ሸረሪቷን አይነኩም፤ እሷም ከቁም ነገር አትቆጥራቸውም።

የምለቅማቸው ከእንጦጦ ማርያም በታች፣ ጽድ ሥር ነበር። አንድ ቀን የጥበቃ ሠራተኛ አስቆመኝ።

«ምንድን ነው የምትለቅመው?»

«የጽዳት ሠራተኞች።»

ሳጥኑን ከፍቶ ተመለከተ። «እነዚህስ አያረፍዱም» አለና አሳለፈኝ።

እትዬ ወርቅነሽ የካ ሚካኤል አካባቢ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሸረሪቷ የልጃቸው የዮናታን ነበረች። ዮናታን የመንገድ ቀያሽ ነበር፤ ስምጥ ሸለቆ ሲሠራ ከድንጋይ ሥር አግኝቶ በስኳር ቆርቆሮ አመጣት። ቀለሟን አይቶ ዳማ አላት። ታሞ በተኛ ጊዜ ሳጥኗ አልጋው አጠገብ ነበር። እሱ ሲሞት ዘመዶች «አውጥተሽ ጣያት» አሏቸው። እሳቸው ግን ለእኔ ደወሉ።

«ታስጠላኛለች» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን፣ በር ላይ ቆመው። «ግን እንዳትሞትብኝ።»

ሴቷ እስከ ሃያ ዓመት ልትኖር እንደምትችል ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ቀባሪ አገኘሁ» አሉ። ደስ ያላቸው መሰለኝ።

ሃያ ያህል ጠራጊዎች አስገባሁላቸው። ጠራጊ ደረቅ ቅጠል ቢበላም ሥጋ ነክ ነገር ይፈልጋል፤ ካጣ ያገኘው ለስላሳ አካል ላይ ይዘምታል። ስለዚህ ከዳማ ቅሪት ሌላ በሳምንት አንድ ቀን ቅመም ያልነካው ቋንጣ በቁንጥር እንዲጨምሩላቸው ነገርኳቸው። አንድም ሳምንት አላጓደሉም። በዓመቱ ዳማን «እንደምን አደርሽ» ሳይሏት ቁርስ አይቀምሱም ነበር።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሄድኩ። ቋንጣው በቅበላ አልቆ ዕቃው ታጥቦ ተቀምጧል።

«ጠራጊዎቹስ?» አልኳቸው።

«ይጹሙ! እኔ ቤት እየኖሩ ሊገድፉ ነው?»

ሳቅሁ።

«ዳማ ራሷ ጾማለች» አሉኝ። «ፌንጣ ሰጠኋት፣ ፊቷን አዞረች። ልጄ እንኳ እንደሷ አልጾመም።»

እንደገና ሳቅሁ። ሸረሪት ቅርፊቷን ለመቀየር ስትዘጋጅ መብላት እንደምታቆም አውቃለሁ፤ ይህንንም ነገርኳቸው። ደብተሬ ላይ «ቋንጣ የለም» ብዬ ጻፍኩ። በታቹ «መብላት አቁማለች» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱን መስመሮች አላገናኘኋቸውም። ዳማ ካልበላች ቅሪት የለም። ቅሪትም ቋንጣም ከሌለ ጠራጊዎቹ ይራባሉ። ያን ቀን እነሱን ማውጣት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር።

ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ አንድ ረፋድ ላይ ደወሉ። እጄ እስከ ክርኔ አንድ ሆቴል የዓሣ ገንዳ ውስጥ ነበር።

«ተገልብጣለች! እግሯን ሰቅላለች!»

«አልሞተችም፣ እትዬ። ቅርፊቷን እየቀየረች ነው፤ በጀርባዋ ተኝታ ነው የምትቀይረው። አይንኳት። ሳጥኑንም አይክፈቱ። ከተነካች ትሞታለች።»

«እሺ ልጄ። አልነካም።»

ገንዳውን ጨርሼ ሄድኩ። ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እትዬ ወርቅነሽ ሳጥኑ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዳማ ከአሮጌው ቅርፊት በግማሽ ወጥታ ቀርታለች። አዲሱ አካሏ ነጣ ያለና ለስላሳ ነበር፤ እስኪጠነክር ራሷን መከላከል አትችልም። ጠራጊዎቹ እግሮቿ መጋጠሚያ ላይ ተሰብስበዋል። በወረንጦ ለቀምኳቸው። አሥራ አራት ነበሩ። በብሩሹ ጫፍ ነካኋት። አልተንቀሳቀሰችም።

«ጾሙ ነው?» አሉኝ። «ቋንጣ ስለከለከልኳቸው ነው?»

«አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው። መብላት ያቆመች ቀን ጠራጊዎቹን ማውጣት ነበረብኝ። እያወቅሁ አላደረግሁትም።»

ዓይናቸውን ከሳጥኑ ሳያነሱ ተናገሩ።

«ስደውልልህ አንድ ጠራጊ እግሯ ላይ ነበር። እያጸዳላት መስሎኝ። በኋላ በዙ። እሷም መንቀጥቀጥ ጀመረች። ላነሳቸው ማንኪያ አመጣሁ። አንተ ግን አይንኳት ብለኸኛል። ማንኪያዬን ይዤ ቁጭ አልኩ።»

ማንኪያው አሁንም እጃቸው ላይ ነበር።

ሌላ ሸረሪት ላመጣላቸው እንደምችል ተናገርኩ። ያንንም ማለት አልነበረብኝም።

«ዮናታን አያውቃትም» አሉኝ።

ዳማን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው አስቀሯት። ባዶውን ሳጥን እኔ ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አልደወሉልኝም።

አሁን አዳዲስ ሠራተኞችን አሠለጥናለሁ። ሸረሪት መብላት ስታቆም ጠራጊዎቹን በዚያው ቀን አውጡ እላቸዋለሁ። ደንበኛ ደንግጦ ሲደውል ደግሞ «አይንኩ» ከማለታችሁ በፊት «ምን ይታይዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ እላቸዋለሁ። እኔ አልጠየቅሁም።