ቅቤ የጠጣ ጫማ

ቢቸና አጠገብ ድንጋይ ስፈልጥ በነበረበት ዘመን፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ መዶሻዬ ይዤው ነበር የምዞረው። እንዲህ ያደረገኝ አብሮኝ የሚፈልጥ ባልደረባዬ ነው። አንድ ጠዋት ድንጋይ ተንከባሎ ኮንጎ ጫማው ላይ አረፈና ሁለት ጣቶቹን አጣ። ከዚያ በኋላ መዶሻ አላነሳም። እኔም ፈራሁ። እንጀራዬ ያለው እግሬ ላይ ነው፤ ስለዚህ አፍንጫው ብረት የሆነ ሴፍቲ ጫማ መፈለግ ጀመርኩ።

የመጀመሪያውን ከቢቸና ገበያ ገዛሁ። ሻጩ «ኦርጅናል ባይሆን ልጆቼን ይንሳኝ» ብሎ ምሎልኛል። ቤት ገብቼ አፍንጫውን በአውራ ጣቴ ብጫነው ሰረጎደ፤ ውስጡ ካርቶን ነው። በሚቀጥለው ገበያ ሰውየውን ብፈልገው የለም። ከዚያ ወዲህ የሚምል ነጋዴ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ከተሰበረ ሬዲዮ ማግኔት አውጥቼም ኪሴ ከተትኩ።

ሞጣ ላይ የመንገድ ሠራተኞች ትተዋቸው የሄዱትን ዕቃዎች የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ሙስሊም ነጋዴ እንዳሉ ሰማሁና ሄድኩ። ጫማ አወጡልኝ። ማግኔቱ ጥብቅ አለ። አላመንኩም፤ የዘይት ቆርቆሮም ማግኔት ይይዛል። መዶሻዬን አወጣሁ።

«ልምታው?»

«ምታው» አሉ፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

ደጋግሜ መታሁት፤ ምንም አልሆነም። ይኸው ራሱ አስጠረጠረኝ። ሰውየው አይምሉም፣ አይለማመጡም። የማይምል ነጋዴ ምን ደብቆ ነው? እያጉረመረምኩ ገዛሁት።

አባቴ የቀንበሩን ጠፍር ቅቤ እየቀባ ነበር ዕድሜ የሚጨምርለት። እኔም እሑድ እሑድ ጫማውን ቅቤ አጠጣው ጀመር። ውሃ እንዳያስገባ ብዬ ሶሉ ከቆዳው ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ በተለይ አበዛሁለት። ክረምቱ ሳይወጣ የሁለቱም ሶል ተላቆ አፉን ከፈተ። ተናደድኩ። እውነቱን ለመናገር ደስም አለኝ፤ ጥርጣሬዬ አልሳተም።

ሞጣ ደርሼ ሱቁ ሰው እስኪሞላ ጠበቅሁ። ከዚያ ጫማውን ፊታቸው ወረወርኩት።

«በዚህ ዕድሜዎ ሰው ያታልላሉ? ሙጫውን በምራቅ ለውሰው ነው የሸጡልኝ!»

ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። ጫማውን አንስተው አሸተቱት፤ ጠርዙን በጣታቸው ዳበሱት።

«ምን ቀባኸው ልጄ?»

«ቅቤ ነዋ» አልኩ ኮራ ብዬ። «ያውም ንጹሕ።»

«ይኼ ጠፍር አይደለም። ሶሉ የተያዘው በሙጫ ነው፤ ሙጫ ደግሞ ቅቤ አይችልም።»

ገዢዎቹ ሳቁ። እርሳቸው አልሳቁም። እዚያው አጠገባቸው ላለው ጫማ ሰፊ ሰጥተው በመኪና ጎማ አስሰፉልኝ፤ የሰፊውንም ራሳቸው ከፈሉ። ይቅርታ ሳልጠይቅ ወጣሁ። በአውቶቡስ እስከ ቢቸና ድረስ፣ ምን ፈልገው ይሆን እያልኩ ስጠረጥር ሄድኩ።

ጥቅምት ላይ የፈራሁት ድንጋይ መጣ። ቀኝ እግሬ ላይ አርፎ ብረቱን ሲመታው ጆሮዬ ጮኸ። ጫማውን አውልቄ ባይ አምስቱም ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ስለ ጣቶቼ ብቻ አልነበረም።

በሳምንቱ ሁለት ኪሎ ቅቤ በኮባ ቅጠል አስጠቅልዬ ሞጣ ሄድኩ። ሱቁ እንደ ልማዱ ሰው ሞልቶታል። ጎንበስ ብዬ «ይቅር ይበሉኝ» አልኩና ቅቤውን ሰጠኋቸው። ሽማግሌው ኮባውን ፈታ አደረጉ። በጣታቸው ጫፍ ቆንጥረው አሸተቱ፤ ሙዝ እንዳልተደባለቀበት ለማየት በመዳፋቸው አሹት። ከሰው ሁሉ ፊት ነው። ፊቴ ጋለ። የቅቤውን ንጽሕና ልምልላቸው አፌን ስከፍት፣ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«አትማል» አሉኝ። «ይበቃል።»