ነፋሱን አላጠፋም

«ማሞቂያ ምን ያደርግልሻል? ሐይቅ ከተማ እኮ ነው ያለሽው፤ አውሮፓ መሰለሽ?» አለኝ ኤሌክትሪሺያኑ። ገና የሚኒባሴን በር እንኳን አልከፈተም።

ደሜ ፈላ። የዚህ ዕቃ ስሙ ነው ጉድ የሠራኝ። ማሞቂያ ሲባል ሰው ሁሉ ቅንጦት ይመስለዋል። እኔ መቼ በረደኝ አልኩ? የኔ ችግር መስታወቱ ነው። አሥራ ሁለት ሰው ዝናብ የመታው ጋቢውን እንደለበሰ ይገባል፤ መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል፤ የአምባሰልን ዳገት ስንጀምር የሁሉም ትንፋሽ የፊት መስታወቱ ላይ ይለጠፍና ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ያንን የምታጠራልኝ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችው ማራገቢያ ናት። ሞቅ ያለ ነፋስ ወደ መስታወቱ ትነፋለች። ስትሠራም ተሳፋሪው አጥፊ እያለ ያስጠፋኝ ነበር፤ ዘንድሮ ደግሞ ራሷ ጭራሽ ጸጥ አለች።

ባለፈው ሳምንት ከውጫሌ በላይ አንድ መታጠፊያ ላይ፣ በአንድ እጄ መሪ ይዤ በሌላው መስታወት ስጠርግ፣ ከጎማዬ ሥር ድንጋይ ወደ ገደሉ ሲንከባለል ሰማሁ። አየሁ አላልኩም፤ ሰማሁ። የግሸን ማርያም ንግሥ ደግሞ ሦስት ቀን ነው የቀረው። እኔ እስላም ነኝ፤ ግን የሰፈራችንን ሰው በየዓመቱ ግሸን የማደርሰው እኔ ነኝ፤ ዘንድሮም አደርሳችኋለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። ሳላይ ይዣቸው ልወጣ ነው? ወይስ ቃሌን ልብላ?

ኤሌክትሪሺያኑ ፊውዙን አወጣው። ተቃጥሏል። አዲስ አስገብቶ ማብሪያውን ሲያዞረው ጧ ብሎ እሱም ተቃጠለ። ሌላም ሞከረ፤ ያው ነው።

«ሞተሩ ሞቷል፤ ዕቃው ደግሞ አይገኝም» አለኝ። «ወይ በፊውዙ ቦታ ሽቦ ላድርግልሽ፣ ወይ ነቅለን እንጣለው። አንቺም ብትሰሚኝ ዳገቱን ለወንዶቹ ተይና ሐይቅ ደሴ ሥሪ። አስፋልት ነው።»

«ሽቦ? ፊውዙ የሚቃጠለው እኮ መኪናዬ እንዳትቃጠል ነው!» አልኩት። «ዳገቱን ደግሞ ወንዶቹ ከእናታቸው ሆድ ይዘውት አልወጡም።»

ሳቀ። «እንግዲያው አንቺው ሥሪያት» ብሎኝ ምሳውን ሊበላ ሄደ።

አላወቀኝም። ካቻቢቴውን አንስቼ ገባሁበት። ፊውዝ በከንቱ አይቃጠልም፤ ወይ ሽቦው የሆነ ቦታ ብረት ነክቷል፣ ወይ ሞተሩን አንድ ነገር ይዞታል። መጀመሪያ የሞተሩን ሶኬት ነቅዬ አዲስ ፊውዝ አስገባሁና ማብሪያውን አዞርኩት። አልተቃጠለም። እሰይ! ሽቦው ደህና ነው ማለት ነው። ከዚያ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ እግሬን በበሩ አውጥቼ፣ የስልኬን መብራት በጥርሴ ነክሼ ዳሽቦርዱ ሥር ገባሁ።

«ኧረ መኪናዋ ዋጠቻት!» አለ አንዱ መንገደኛ።

«ቆይ ትትፋኝና አንተን ነው የምትውጠው!» አልኩት ከውስጥ።

ሦስቱን ብሎን ፈትቼ ማራገቢያዋን ከነሞተሯ አወረድኳት። በጣቴ ላዞራት ብሞክር ንቅንቅ አትልም። አንድ ጨርቅ በእንዝርት ላይ እንዳለ ፈትል ጥምጥም ብሎባታል። የትኛው ባለጌ ነው እያልኩ ስጎትት፣ ስጎትት፣ ጫፉ ወጣ። አረንጓዴ፣ ዳሩ ቢጫ።

ሻሼ ነው። የራሴ ሻሽ።

ከአራት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ከደሴ ሆስፒታል ስመለስ፣ መኪናዋን የሚነዳት ወንድሜ ነበር። ዓረብ አገር ከመሄዱ በፊት። እኔ አራስ ጨቅላዬን ታቅፌ ጋቢና ተቀምጫለሁ፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ባለ ቀዳዳ ነፋስ እግሬን ሲነካኝ ጊዜ ነፍሴ ወጣች። አራስ ብርድ ከመታት አለቀላት፤ ከልጅነታችን የሰማነው ይሄንኑ ነው። ወንድሜ «አጥፍቼዋለሁ እኮ» ቢለኝ፣ «ነፋስ አይታመንም!» ብዬ ሻሼን ፈትቼ ቀዳዳው ውስጥ ወተፍኩት። እዚያው ረሳሁት። ለካ ቀዳዳው ማራገቢያዋ አየር የምትስብበት ኖሯል፤ ቀስ በቀስ ስባ ስባ ዋጠችው። ያረቢ! ስንቱን መካኒክ ስረግም ከርሜ ጥፋተኛዋ እኔው ልሁን? ብቻዬን ዳሽቦርዱ ሥር አፈርኩ።

ኤሌክትሪሺያኑ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሲመለስ መልሼ የገጠምኳት ማራገቢያ የከረመ አቧራዋን ፊቱ ላይ ነፋችበት።

«ምን ሆና ነው?» አለኝ።

«ቆሻሻ ገብቶባት» አልኩት። ወላሂ፣ እስከ ዛሬ ከዚህ በላይ አልነገርኩትም።

በንግሡ ዋዜማ ሰዎቼን ጭኜ ወጣሁ። ውጫሌን ስናልፍ ዝናቡ ጀመረ፤ ከፍ ስንል ጉሙ ወረደ። መስታወቱ መንጣት ሲጀምር ማብሪያውን አዞርኩ። ከታች ጀምሮ ጥርት እያለ መጣልኝ፤ ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ምን ዋጋ አለው፣ ወዲያው ከኋላ ተጀመረ።

«ሾፌር፣ ነፋሱን አጥፊው!»

«ብርድ ሊመታን ነው እኮ!»

«ኧረ ስለ ማርያም፣ ሕፃን ይዣለሁ!»

ሕፃን የያዘችው አንጀቴን በላችው። እኔም እሷን ነበርኩ። ድሮ ቢሆን አጠፋው ነበር፤ ሰው እንዳይቀየመኝ ብዬ ሁልጊዜ ነበር የማጠፋው። አሁን ግን ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጌ ቆምኩ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ።

«እሺ፣ አጠፋሁት» አልኳቸው። «ተንፍሱ እንግዲህ።»

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። መስታወቱ ከጠርዙ ጀምሮ ነጣ፣ ነጣ፣ ጥቂት ቆይቶ ዝናቡንም መንገዱንም ጋረደው።

«በሉ ንገሩኝ፤ ገደሉ በየት በኩል ነው?»

ጋቢና አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ በጋቢያቸው ጫፍ መስታወቱን ጠረጉ፤ አጮልቀው አዩ፤ እጃቸውን ቶሎ መለሱ።

«ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስንት ጊዜ ነው እንዲህ ሳታዪ የነዳሽን?»

«አጥፊው ባላችሁኝ ጊዜ ሁሉ፣ አባባ» አልኳቸውና ማብሪያውን እስከ መጨረሻው አዞርኩት።