የጉና ገብስ

ሐኪሙ "ስኳርሽ ጨምሯል፤ ማካሮኒውን ትተሽ ገብስ ብዪ" ስላለኝ ደብረ ታቦር ገበያ ወጣሁ። አንድ ሱቅ ውስጥ የጥቁር ገብስ በሶ በላስቲክ ታሽጎ አየሁ፤ ዋጋውን ስሰማ ደሜ ፈላ።

ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ይህንኑ ገብስ ከጉና ተራራ ተሸክመን እዚሁ ሱቅ መጥተን ነበር። ባለሱቁ ጆንያውን በእግሩ ገፋ አድርጎ "ይሄን ማን ይበላዋል?" አለ። እናቴ አንገቷን ደፍታ በማካሮኒ ለወጠችው።

"ጥቁር እህል ለእንግዳ ማቅረብ ያሳፍራል፤ አንቺም እንደ ከተማ ልጅ ነጭ ነጩን ብዪ" አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ። ያ ደስታዬ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ያው ባለሱቅ፣ አሁን ሸብቶ፣ "ለጤና ፍቱን ነው፤ የጉና ነው እኮ!" ይለኛል።

"ጉናን ለእኔ ይነግሩኛል?" አልኩ።

አላወቀኝም። የያዝኩት ብር ለገብሱ አይበቃም፤ ማካሮኒ ገዝቼ ወጣሁ።