ሰርገኛው ታክሲ

ዝናብ በጣለ ቁጥር እህል በረንዳ ላይ ሰርግ የሚያልፍ ይመስላል። ምስር ሻጯ ሀፍሷ ግን ታውቃለች፤ የሚያልፉት አሮጌ ሰማያዊ ታክሲ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ናቸው። የታክሲው ዝናብ መጥረጊያ ፊውዝ ቢቀየርለት፣ ሞተር ቢቀየርለት አሻፈረኝ አለ። በኋላ አንድ መካኒክ ሽቦውን ነካክቶ፣ ክላክስ ሲደረግ ብቻ የሚወዛወዝ አድርጎት አረፈ። ስለዚህ ዝናቡ ሲብስ ሽማግሌው ክላክሱን ያስጮሁታል፤ ከየሱቁ እልልታው ይቀልጣል። እሳቸውም በደረቅ ቀን የማያስሯትን ቀይ ከረባት አስተካክለው እጃቸውን ያውለበልባሉ።

ዛሬ መንገዱ ተዘጋግቶ ሀፍሷ ሱቅ ፊት ቆሙ።

«ጋሼ፣ ምነው ቢያሠሩት?» አለቻቸው።

«አምና አሠርቼው ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ክረምቱን ሙሉ እልል የሚለኝ ሰው ጠፋ። ራሴው መልሼ አበላሸሁት።»